መቀርቀሪያው በየት በኩል ነው

አጎቴ ቁልፍ ሠራተኛ ነው። በአርባ ዓመት የሥራ ዘመኑ ባለቤቱ አጠገቡ ሳይቆም የከፈተው በር አንድም አልነበረም። ቁልፍ የጠፋበት፣ ቁልፉ ጉድጓዱ ውስጥ የተሰበረበት፣ ልጁ መታጠቢያ ቤት ገብቶ የቆለፈበት ሰው ሁሉ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ወደማታስቆመው ሱቁ እየሮጠ ይመጣል። አጎቴ ስለ በሩ ከመጠየቁ በፊት "ባለቤቱ ማን ነው? ይቁምልኝ" ይላል። አንድ ጊዜ ከረባት ያሰረ ሰው የወንድሙን ቢሮ ክፈትልኝ ብሎ ግማሽ ቀን ሲለምነው ዋለ። አጎቴ ሻዩን እያማሰለ አዳመጠውና "ወንድምህ ይምጣና ይቁም" ብሎ ሸኘው። ወሩ ሳያልቅ ወንድማማቾቹ ፍርድ ቤት መቆማቸውን ሰማን። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለ አጎቴ፣ ከሞረዱ ቀና ሳይል።

ሰፈሩ ቁልፌ እያለ ይጠራዋል። መጠርጠር ለእሱ እንደ ጉጠትና እንደ ካቻቪቴ የሥራ ዕቃ ነው። ቤቷን የሚፈትሽባት ሰው እንዳለ የጠረጠረች ደንበኛ ስትመጣ፣ አዲስ ቁልፍ ከመሸጡ በፊት ምክር በነጻ ይሰጣታል፦ "ስትወጪ ትንሽ የዳቦ ፍርፋሪ ቁልፉ ጉድጓድ ውስጥ ጠቅ አድርጊ። ስትመለሺ ፍርፋሪው ከቦታው ከሌለ ሰው ነክቶታል።" ይህችን ብልሃት ለአንድ ልጁም አስተምሮታል። ልጁ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ በእረፍቴ እነሱ ቤት አድር ነበር። ሁለቱ ደፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ አሮጌ ጓጉንቸር ላይ ሲያጎነብሱ አሁንም ይታየኛል። ልጁ ቀጭን ነበር፤ በአሥር ዓመቱ በአንዲት ሽቦ ከአባቱ ፈጥኖ ጓጉንቸር ይከፍት ጀመር። ስሙም ሽቦ ሆኖ ቀረ።

ሽቦ ሃያ አራት ዓመት ሲሞላው ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ጉልበቱ ተሰበረ። ሐኪም የሕመም ማስታገሻ ክኒን አዘዘለት። ጉልበቱ ዳነ፣ ክኒኑ ግን አልለቀቀውም። መጀመሪያ ከፋርማሲ፣ ቀጥሎ ከሰው እጅ፣ በኋላ ከየት እንደሆነ ማንም ከማያውቀው ቦታ ያመጣ ጀመር። ከቤት ዕቃ መጥፋት ጀመረ። አጎቴ በየክፍሉ አዲስ ቁልፍ ገጠመ። ሽቦ ሁሉንም ከፈተ። የአጎቴ ሚስት፣ እኔ እትዬ የምላት፣ "የሰው ሌባ በር ይሰብራል፤ የኛው ግን መልሶ ቆልፎ ይሄዳል። አስተዳደጋችን ነው" ትል ነበር። እሷ የወገብ ሕመምተኛ ናት። አንድ ቀን የራሷ መድኃኒት ጣዕሙ ተለወጠባትና ጠርሙሱን ብናየው፣ ውስጡ ያለው ከጠመኔ ተጠርቦ፣ ዳርና ዳሩ በሞረድ የተስተካከለ ክኒን ነው። ሁለት ሳምንት ጠመኔ ስትውጥ ከርማለች። "ወገቤ ግን ተሽሎኝ ነበር" አለች። ከእሷ በቀር የሳቀ ሰው አልነበረም። አጎቴ ልጁን ለሃያ ሁለት ቀን አላናገረውም።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ሽቦ ራሱ መጥቶ ሱቁ በር ላይ ቆመና "አንድ ቦታ ውሰዱኝ፤ ብቻዬን አልቻልኩም" አለ። አጎቴ አንገቱን ነቀነቀለት። ልጁ ዞር ሲል ግን ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ምን ፈልጎ ይመስልሃል?" አለኝ።

ማገገሚያ ማዕከል ፍለጋ የወጣነው እንዲህ ባለ ልብ ነው። እኔን ያስከተለኝ ወረቀት ስለምችል ነው። "አንተ ምሁሩ ወረቀቱን ታነባለህ፤ በሩን እኔ አነባለሁ" አለ። ያኔ የቀልድ ንግግር መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቦታ ከከተማው ዳር ነው። ዳይሬክተሩ ሽቶ የተቀባ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነበር። ሃያ አንድ ቀን ብቻ ስጡኝ አለን፤ እሱ ጋ ገብቶ ያልዳነ እንደሌለም ነገረን። ሐኪሙ ማን እንደሆነ ስጠይቅ፣ ሱስ የፈቃደኝነት ጉዳይ እንጂ የሐኪም ጉዳይ አይደለም አለ። የሰጠኝ ውል ላይ ግን ቤተሰብ ለሁለት ወር መጠየቅ እንደማይችልና ክፍያው በሙሉ በቅድሚያ እንደሚፈጸም ተጽፏል። እኔ ይህን ሳነብ አጎቴ ተነሥቶ ኮሪደሩ ላይ ይንጎራደድ ጀመር። የመኝታ ክፍሎቹ በሮች አዲስ ቀለም ተቀብተዋል፤ መቀርቀሪያቸው በውጭ በኩል ነው። አንዱን ክፍት በር ገፋ አድርጎ ከኋላው ገባና በውስጥ በኩል፣ ከመቀርቀሪያው ትይዩ፣ እንጨቱን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ "እንሂድ" አለኝ።

መንገድ ላይ ነው የነገረኝ። ውጭውን ቀብተውታል፣ ውስጡን ረስተውታል። እንጨቱ ከወገብ እስከ ደረት ከፍታ ተቧጭሯል። "ድመት እዚያ አይደርስም" አለ።

ሁለተኛው ቦታ የመስታወት በር፣ የተከረከመ ሣር፣ በካርድ የሚከፈት መግቢያ ነበረው። እኔ ወድጄው ነበር። ወረቀቱም ደህና ነው፤ የሐኪም ስም አለበት፣ የክፍሉ በርም ላይ ስሙ በነሐስ ተጽፎ ተለጥፏል። አጎቴ በዚያ በር ፊት ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ አሰረ። ማታ ማታ ከታካሚዎቹ ጋር ማን እንደሚያድር እንግዳ ተቀባይዋን ጠየቃት፤ ጥበቃው አለ አለችው። ስንወጣ "ሐኪማቸው የት ነው?" አለኝ። ስሙን አየሁ አልኩት። "እኔ ጉድጓዱን አየሁ። ቁልፉ ጉድጓድ ውስጥ ሸረሪት አድርታበታለች። በመስኮት ካልገባ በቀር ዓመቱን ሙሉ ሐኪም የሚባል እዚያ ክፍል አልገባም።"

እትዬ ይህን ስትሰማ፣ በዚህ ዓይነት ልጃችን የሚገባው አንተ ራስህ ያንጠለጠልከው በር ሲገኝ ነው አለችው። ሽቦ በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ወድቆ ከመንገድ አንሥተነዋል። ጊዜው እየጠበበ ነበር፤ ዛሬ ያለው ፈቃዱ ነገ እንደማይኖር ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሦስተኛው ቦታ አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ ቀለሙ የተላላጠ። የተቀበለችን ነርስ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ረጅም፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። ከተቀመጥን ጀምሮ እሷ ነች የጠየቀችን፦ ምን ዓይነት ክኒን ነው፣ በቀን ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሌላ የሚደርበው ነገር አለ ወይ፣ ሲያጣ ምን ይሆናል፣ እንቅልፉ እንዴት ነው። ከሌሎቹ ይህን የጠየቀን አልነበረም። አጎቴ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ስንት እንደሚውጥ ምን አደረገላት?" አለኝ። በኋላ ለእትዬ ሲነግራት "ልብስ ሰፊ ሳይለካህ ይሰፋልሃል?" ብላ አፉን አስያዘችው።

ከዚያ ተራው የእሱ ሆነ።

"ከዚህ ገብቶ ስንቱ ነው የሚድነው ሲስተር?"

"ይድናል አንልም እኛ" አለች። "ከሚገቡት ከግማሽ የሚበልጡት የሦስት ወሩን ቆይታ ይጨርሳሉ። ከጨረሱትም ወድቀው የተመለሱ አሉ። ሲመለሱ እንቀበላቸዋለን።"

አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ያ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ያልዳነ የለም ያለንን ያስታወሰ ይመስለኛል። ሲስተር ቀጠለች፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው፤ ክኒኑን በአንዴ አንነጥቀውም፣ ሐኪሙ እያየ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። ከወጣ በኋላ ለአንድ ዓመት በየሐሙሱ እየመጣ ከሌሎቹ ጋር ይቀመጣል። ቤተሰብም በየሳምንቱ ቅዳሜ ይመጣል፤ መምጣት ብቻ ሳይሆን ይናገራል። አጎቴ በዚህ ጊዜ "እኛ ምን አጠፋን?" አለ። ሲስተር ማንም አጠፋ እንዳላለች ነግራው ቤቱን ልታሳየው ተነሣች።

ያን ቤት እንዳነበበው ሌላ በር ሲያነብ አላየሁትም። የሐኪሙ ክፍል ቁልፍ ጉድጓድ ዙሪያው በእጅ ብዛት ነጭ ሆኖ ያብለጨልጫል። የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንደኛው ሲስተር አንገት ላይ፣ ሌላው ሐኪሙ ኪስ ውስጥ ስለሆነ አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም። የመታጠቢያ ቤቱ በር ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፤ ከውስጥ ይዘጋል፣ ግን ሰው ወድቆ እንዳይቀር ከውጭ በሳንቲም ይዞራል። አጎቴ ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ሞከረው። ሁለት ጊዜ። የመኝታ ክፍሎቹ መቀርቀሪያ የላቸውም። የግቢው የብረት በር ጋ ስንደርስ ቆመ። መቀርቀሪያው በውስጥ በኩል ነው፤ ጓጉንቸር የለውም።

"እና ከፍቶ መውጣት ይችላል ማለት ነው?"

"ይችላል።"

"ታዲያ ምኑ ላይ ነው ማዕከልነቱ?"

"አባት፣ የተቆለፈበት ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያስበው ስለ ቁልፉ ነው" አለች ሲስተር። "ደግሞ ቁልፍ ሁሉ ይከፍታል ያላችሁኝን ልጅ በየትኛው ቁልፍ ነው የማቆመው?"

ልቡን የነካው ግን ይህ አልነበረም። እያንዳንዱ ታካሚ አልጋው ሥር ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥንና ጓጉንቸር አለው፤ ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በታካሚው እጅ ይሆናል። መፈተሽ ካስፈለገ ባለቤቱ ባለበት ይፈተሻል እንጂ ከኋላው ማንም አይነካውም። አጎቴ ይህን ሲሰማ የሆነ ነገር ከትከሻው ላይ እንደወረደለት ያስታውቅ ነበር። "ይቺ ሴት እንደኔ ናት" አለኝ ስንወጣ።

ይህን ካለ በኋላም ቢሆን አላመነም። የፈቃድ ቁጥሩን ወደ ጤና ቢሮ ደውዬ እንዳጣራ አደረገኝ። አጣራሁ፤ ትክክል ነው። በማግስቱ እሱ ራሱ በሌላ ሰው ስልክ ደውሎ እንደገና አጣራ። እኔን እንደጠረጠረኝ ያወቅኩት ቢሮ ስልኩን ያነሣችው ሴት "ትናንትም አንድ ሰው ጠይቆን ነበር" እንዳለችው ተደስቶ ሲነግረኝ ነው።

ሽቦ ገባ። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀናት ክፉ ነበሩ። ላብ፣ ትውከት፣ ቁርጥማት፣ እናቱን የማያውቃት መምሰል። ሐኪሙ ሌሊት ሳይቀር መጥቶ ያየው እንደነበር ከሌሎች ቤተሰቦች ሰማን። በሦስተኛው ቅዳሜ ፊቱ መልክ አወጣ። በአራተኛው ሳቀ። ይህን ጊዜ ነው አጎቴን ጥርጣሬ ክፉኛ የያዘው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። በክኒኑ ዘመን ሽቦ የሚስቀው ኪሱ ውስጥ ነገር ሲኖር ብቻ ነበረ። "በአራት ሳምንት እንዲህ አይሳቅም" አለኝ በመንገዳችን። "አንድ ነገር እያስገቡለት ነው።"

በአምስተኛው ቅዳሜ፣ በሣሙናና በካልሲው ላይ ከሰፈራችን ዳቦ ቤት ትኩስ ነጭ ዳቦ ጨምረን ሄድን። ሽቦ ክፍሉ ውስጥ ተቀብሎን ጥቂት እንደተጫወትን ሐኪሙ ጉልበቱን ሊያይለት ጠራውና ወጣ። እኔና አጎቴ ብቻችንን ቀረን። አልጋ፣ ወንበር፣ መስኮት፣ ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሣጥኑ። አጎቴ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ቀጭን ሽቦ አወጣ።

እኔ ምንም አላልኩም። ዛሬ ስለ እሱ በምጽፍበት ጊዜ ይህንን ዘልዬ ባልፍ እወድ ነበር። "ተው ጋሼ" ማለት ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን ተነሥቼ በሩ ጋ ቆምኩና ሰው እንዳይመጣ ኮሪደሩን እጠብቅለት ጀመር። ቀደም ሲልም፣ ነገሩ ገና በጀመረ ዓመት፣ ባዶ የክኒን ማሸጊያዎች ከቤታቸው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይቼ ዝም ብዬ ነበር። ዝምታ ከተለመደ መልመጃ አያሻውም።

ከኋላዬ ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ዞር ስል አጎቴ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን እያየ ነው።

"ባዶ ነው" አለ።

"ይኸው፤ ዝጋው እንግዲህ" አልኩት።

"ባዶ ሣጥን ማን ይቆልፋል? ሌላ ቦታ አዛውሮታል።" መልሶ ዘጋው። ሽቦውን ወደ ኪሱ ሊመልስ ሲል ግን ጫፉን አየና ደረቀ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ጫፉ ላይ የተጣበቀ ትንሽ የዳቦ ፍርፋሪ ነበር። ልጁ ጉድጓዱን በፍርፋሪ ደፍኖት ኖሯል። ያ ደፍ ላይ ተቀምጦ የተማረ የስምንት ዓመት ልጅ አልረሳም።

አጎቴ በሕይወቱ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ አንዱን ብቻ መፋቅ ቢችል ሣጥኑን መክፈቱን ሳይሆን ቀጥሎ ያደረገውን የሚፍቅ ይመስለኛል። ይዘን ከመጣነው ዳቦ ቆንጥሮ፣ በሁለት ጣቱ አድበልብሎ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ጠቅ አደረገ። ሽቦ ሲመለስ ሦስታችን ስለ አየሩ አወራን።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። ስልኩ ጮኸ፤ ሲስተር ናት። ልጁ ቦርሳውን ይዞ የግቢው በር ጋ ተቀምጧል አለች። እንዳልከለከሉት፣ እንደማይከለክሉትም ነገረችው፤ ብቻ አባቴን ሳላይ አልሄድም ስላለ ይምጡ። አጎቴ አንዲት ሴት ቁልፏን እየጠበቀች ሳለ ሱቁን ጥሎ ወጣ። በአርባ ዓመት ሥራው ሱቁን ሳይቆልፍ ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቆልፌ የተከተልኩት እኔ ነኝ።

ሽቦ ከበሩ ውጭ ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቦርሳው እግሩ ሥር፣ የቆርቆሮ ሣጥኑ ጭኑ ላይ። የብረት በሩ ከኋላው ገርበብ ብሏል። ሲስተር ከውስጥ፣ ራቅ ብላ ልብስ ታሰጣለች፤ አታየንም ለማለት ነው እንጂ ታየናለች። አጎቴ ፊቱ ሄዶ ቆመ።

"ሦስተኛዋ ጥርስ አስቸግራህ ይሆናል" አለ ሽቦ፣ ጓጉንቸሩን እያየ። "እኔንም ታስቸግረኛለች።"

"የምን ጥርስ?"

ሽቦ መዳፉን ዘረጋ። መሐል ላይ ጤፍ የምታህል ነጭ ነገር ነበረች። "የዚህ ቤት ዳቦ ጥቁር ነው አባባ። ነጭ እዚህ የለም።"

መኪና አለፈ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

"ጠመኔ ስጠርብ እኮ እኔም እንደዚሁ ነበርኩ" አለ ሽቦ። ድምፁ የቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው የከፋው። "ከወሰድክ በኋላ ቦታውን መሙላት። ሃያ ሁለት ቀን ነው ያላናገርከኝ ለሱ።"

"ከፈትኩት" አለ አጎቴ።

"ባለቤቱ ሳይቆም?"

አጎቴ ባርኔጣውን አወለቀ። "ባለቤቱ ሳይቆም" አለ።

ሽቦ ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ሣጥኑን ከፈተና ወደ አባቱ አዞረው። ባዶ ነው። አንገቱን ሳያነሣ ተናገረ፦ ሲገባ ሣጥንና ቁልፍ ሰጡት፤ የሚያስቀምጠው ግን አልነበረውም። ስልኩን ሸጦታል፣ ሰዓቱን ሸጦታል፣ የእናቱን የአንገት ሐብል ሳይቀር ሸጦታል። ቢሆንም ባዶውን ቆለፈው። "አንድ ነገር የኔ ሆኖ፣ ተቆልፎ፣ ማንም ሳይነካው ስንት ቀን እንደሚቆይ ማየት ፈልጌ ነው። እኔም ሐኪሙ ከሚሰጠኝ ውጭ ሳልወስድ ስንት ቀን እንደምቆይ በዚያው እቆጥር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሠላሳ አንድ ነበር።" ሣጥኑን ዘጋው። "አሁን ከአንድ ልጀምር ነው? አልችልም አባባ። ከአንድ መጀመር ሰልችቶኛል።"

አጎቴ አጠገቡ ተቀመጠ። አግዳሚዋ ሁለት ሰው ትይዛለች፤ ቆሜ ቀረሁ።

"አንተ ምን አደረግህና?" አለ። "ቅዳሜ የወደቅኩት እኔ ነኝ። ያንተ ዛሬ ሠላሳ ሦስት ነው። ከአንድ የምጀምረው እኔ።"

ሽቦ አየው። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ በር ሲያይ በነበረበት ዓይን ነው ያየው፤ ከላይ እስከ ታች፣ ማጠፊያውን፣ ቀዳዳውን፣ የተቀባውን ቀለም። "ሲስተር ናት እንዲህ በል ያለችህ?"

"ሲስተር ና ብቻ ነው ያለችኝ።"

አጎቴ ከውስጥ ኪሱ ያችን ሽቦ አውጥቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጣት። ሽቦ አየት አደረጋትና ሳቅ አለ። "ሱቅ ውስጥ ሌላ ሃያ አለህ።"

"አለኝ" አለ አጎቴ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ይህ መልስ ይመስለኛል ልጁን ያስነሣው። የለኝም ቢለው ኖሮ የሚሄድ ይመስለኛል። ቦርሳውን ባንድ እጁ፣ ሣጥኑን በሌላው ይዞ ገባ። የብረት በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው በውስጥ በኩል እየተንሸራተተ ሲሄድ ሰማነው።

አጎቴ አልተንቀሳቀሰም። ጆሮውን ወደ በሩ አዘንብሎ ቆየ።

"ቀርቅሮታል" አልኩት።

"ሰምቻለሁ። ግን እስከ መጨረሻው አልገፋውም።"

"ዘይት ፈልጎ ይሆናል።"

"ይሆናል" አለ፣ ያላመነ ሰው በሚልበት ድምፅ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የዘይት ዕቃውን ይዞ ሄደና ሲስተርን ጠይቆ፣ እሷ አጠገቡ ቆማ፣ መቀርቀሪያውን ቀባው። በቤተሰቦቹ ስብሰባም ተነሥቶ ያደረገውን በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። ላብ አጠመቀው። ስለ ፍርፋሪው ሲደርስ አንዲት እናት እሷም የልጇን ስልክ እንደምትበረብር ተናግራ አለቀሰች።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አልፏል። ሽቦ ሦስቱን ወር ጨረሰ። በመጀመሪያው ክረምት አንድ ጊዜ ወደቀ፤ በሁለተኛው ቀን በራሱ እግር ተመለሰ፣ በሩም እንደተባለው ተቀበለው። አሁን ሱቁ ውስጥ ከአባቱ ጋር ይሠራል። ዓመቱ ካለቀም በኋላ ሐሙስ ሐሙስ መሄዱን አላቆመም። ድኗል አልልም፤ ሲስተር ትቆጣኛለች። በየጊዜው ልጃቸውን የት እንደሚያስገቡ አጎቴን ሊያማክሩ የሚመጡ አሉ። ውሉን አንብቡ፣ ፈቃዱን አጣሩ፣ ሐኪም ሲሉ ሐኪሙን አሳዩኝ በሉ፣ ከወጣ በኋላስ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁሉም ይድናል ካሏችሁ ተነሥታችሁ ውጡ ይላቸዋል። በመጨረሻ ሁልጊዜ የሚጨምራት አለችው፦ "መቀርቀሪያው በየት በኩል እንደሆነ እዩ።" በሱቁ በር ጀርባ በጠመኔ የተሠመሩ መሥመሮች ስላሉ ሰው ዕዳ ይመስለዋል። አጎቴ የሰው ነገር ያለ ባለቤቱ ያልከፈተባቸው ቀኖች ናቸው።

ባለፈው ሐሙስ ሄጄ ነበር። ሽቦ ወደ ማዕከሉ ሊሄድ ሲጣደፍ ጃኬቱን ሚስማሩ ላይ እንደሰቀለው ረስቶት ወጣ። አንደኛው ኪሱ አብጧል። አጎቴ ቁልፍ እየሞረደ አንድ ጊዜ አየው። ጥቂት ቆይቶ እንደገና አየው። ሞረዱን አስቀመጠ፣ እጁን ጠረገ፣ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ሁለቱን ቃል አፌ ላይ አዘጋጅቼ ነበር።

አጎቴ ግን በርጩማውን አንሥቶ ወጣና ከሱቁ ውጭ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። አጠገቡ ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። መንገደኛ ሰላምታ እየሰጠው ያልፋል፤ ይመልሳል። ብዙ ከቆየን በኋላ ወደ እኔ ሳይዞር "ጃኬቱን ሲሰቅል እንደ ክኒን የሚንኳኳ ነገር ሰምተሃል?" አለኝ።

"አልሰማሁም።"

"እኔም አልሰማሁም" አለ። ልጁ እስኪመለስ ድረስ እዚያው ተቀምጠን ቆየን።